ከ3 ዓመት በኋላ ወደ ፓራሹት ዝላይ ልመለስ ነው፤ ፍርሃቱን በምን ልያዘው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤ ፈቃድ (የመጀመሪያው የዘላይ ደረጃ) አለኝ፤ በጠቅላላው 43 ጊዜ ዘልያለሁ። ከመጨረሻው ዝላዬ 3 ዓመት ከ2 ወር ሆኖታል። በሚቀጥለው ወር ለመመለስ ቀን ቆርጫለሁ፤ ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር እጄ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍም ይነሳኛል። በር ላይ ቆሞ መውጣቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። "ዋናው ፓራሹት በደንብ ባይከፈት የትኛውን እጀታ ነው የማስቀድመው?" ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ እንደ ድሮው ፈጥኖ አይመጣልኝም። መሬት ስቀርብም ፍሌሩን (ለማረፍ ሁለቱን የፓራሹት መሪዎች ስቦ ፍጥነት መቀነሱን) ከምን ያህል ከፍታ እንደምጀምር እርግጠኛ አይደለሁም። የራሴ ዕቃ አለኝ፣ ዋናው ፓራሹት 190 ስኩዌር ጫማ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሟል። ክብደቴም 9 ኪሎ ጨምሮ 85 ደርሷል። ከምን ልጀምር? መጀመሪያ የንፋስ ዋሻ (ከታች በሚነፍስ አየር ላይ መንሳፈፍ የሚለማመዱበት ቦታ) ልግባ ወይስ ቀጥታ ልዝለል? ዕቃውንስ ምን ላድርገው?
አመሰግናለሁ፣ እህታችሁ።

መልስ 1፦ አሰልጣኝ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ የጠቆመሽ ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው። ከረጅም እረፍት በኋላ አየር ላይ ሚዛን መጠበቁ በአንድ ሁለት ዝላይ ይመለሳል። የሚዝገው የአደጋ ጊዜ እርምጃው፣ ከፍታን የመከታተል ልማዱና የማረፊያ ዓይኑ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ለማባረር አትድከሚ። እነዚህን ሦስቱን መልሰሽ ስትይዢ እሱም አብሮ ይቀንሳል።

የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ለኤ ፈቃድ 60 ቀን፣ ለቢ 90 ቀን፣ ለሲና ለዲ ደግሞ 6 ወር ገደብ ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ሳይዘል የቆየ ሰው የመጀመሪያውን ዝላይ በአሰልጣኝ ክትትል እንዲያደርግ ይመክራል። አንቺ ገደቡን ብዙ እጥፍ አልፈሻል፤ ስለዚህ የ20 ደቂቃ ማስታወሻ አይበቃሽም። ወደ ዝላይ ሜዳው አስቀድመሽ ደውዪ፤ ፈቃድሽን፣ የዝላይ ብዛትሽንና የመጨረሻውን ቀን ሳታሳንሺ ንገሪያቸው፤ የተንጠልጣይ ማሰሪያ ልምምድ ያለበት የግማሽ ቀን የመሬት ሥልጠና ጠይቂ። ከተቻለ ሰው የማይበዛበትን የሥራ ቀን፣ በተለይ ነፋሱ ያልተነሳበትን ጠዋት ምረጪ።

አሁን ወደ እጀታው። በአብዛኛው ዕቃ ላይ የመቁረጫው እጀታ (የተበላሸውን ዋና ፓራሹት የሚለቀው) በቀኝሽ፣ የመጠባበቂያው (ሁለተኛውን ፓራሹት የሚከፍተው) በግራሽ ነው። ማሰሪያው ላይ ተንጠልጥለሽ በዚህ ቅደም ተከተል ተለማመጂ፦ ወገብሽን ወደፊት ግፊ፤ መቁረጫውን በዓይንሽ ፈልገሽ ያዢ፤ መጠባበቂያውን በዓይንሽ አግኚው፤ መቁረጫውን ሳቢ፤ መጠባበቂያውን ሳቢ። አሳሳቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መቁረጫው በቬልክሮ የተለጠፈ ስለሆነ ዝም ብለሽ ወደ ታች ብትጎትቺው ይታገልሻል። መጀመሪያ እንደ ልጣጭ ከደረትሽ ላጪው፣ ከዚያ ክንድሽ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ወደ ታች ግፊው። ኬብሉ ጨርሶ ካልወጣ አንዱ ወገን ተለቆ ሌላው ሊቀር ይችላል፤ ከሁሉም የከፋው ሁኔታ ያ ነው።

ምንም ነገር ካልወጣ፣ ማለትም ፓይለት ሹቱ (ዋናውን ስቦ የሚያወጣው ትንሽ ፓራሹት) ከነጭራሹ ካልተጣለ፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት አለ። አንዱ "ሁልጊዜ ቆርጠሽ ከዚያ መጠባበቂያ" ይላል፣ ሌላው "ቀጥታ መጠባበቂያ"። ከሁለቱ የተማርሽውን አንዱን ከአሰልጣኝሽ ጋር አጽኚና በእሱ ብቻ ተለማመጂ። አየር ላይ ሆኖ መምረጥ ጊዜ ይበላል።

አሰልጣኙ የብልሽት ፎቶ እያሳየሽ በ2 ሰከንድ ውስጥ "ይበራል" ወይም "ይቆረጣል" በይ። የገመድ መጠማዘዝ ሆኖ ፓራሹቱ በእርጋታ ከሄደ፣ ከፍታም ካለ፣ ማንጠልጠያዎቹን ለያይተሽ እየረገጥሽ ትፈቺዋለሽ፤ በፍጥነት እየተሽከረከረ ከሆነ ግን ይቆረጣል። ገመድ በላዩ አልፎ ለሁለት የከፈለው ይቆረጣል። ሁለቱም ፓራሹቶች ወጥተው አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ተጣብቀው ከበረሩ ምንም አትቁረጪ፣ በእርጋታ እየመራሽ ውረዲ፤ ተለያይተው ሁለቱም ወደ መሬት ከተዘቀዘቁ ዋናውን ቁረጪ። የመጨረሻ መወሰኛ ከፍታሽ በኤ ፈቃድ 2,500 ጫማ ነው፣ ወደ 760 ሜትር። ከ1,000 ጫማ በታች መቁረጥ አይታሰብም።

ቤት ውስጥም በየቀኑ 5 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቅደም ተከተሉን በድምፅ እያልሽ በእጅሽ አስመስዪው።

መልስ 2፦ ሪገር (የፓራሹት ዕቃ የሚፈትሽና የሚያጥፍ ባለሙያ)

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ዕቃውን ለብሰሽ እጀታዎቹን በትክክል እንዳትስቢ። መጠባበቂያው ከተከፈተ ዳግም የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። እጅሽን አድርሰሽ ንኪና መልሺ፤ መሳቡን ለተንጠልጣይ ማሰሪያው ተዪለት።

ቁም ሣጥን መጥፎ መጋዘን አይደለም። ፀሐይ ናይለንን ትበላለች፣ እርጥበት ያሻግታል፣ ሙቀት ደግሞ ላስቲክን ያደርቃል፤ ቁም ሣጥኑ ደረቅና ጨለማ ከነበረ ጨርቁ ደህና ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ 3 ዓመት የቆየን ዕቃ ሳያስፈትሹ መዝለል አይገባም። ለሪገር ስትሰጪው እነዚህን ጠይቂ።

የመጠባበቂያው የመታጠፊያ ቀን በካርዱ ላይ አለ። በአሜሪካ ደንብ በየ180 ቀኑ እንደገና መፈተሽና መታጠፍ አለበት፤ ሌሎች አገሮች የራሳቸው ገደብ አላቸው። የአንቺ በእርግጠኝነት አልፏል።

ራስ ሰር መክፈቻው (ዘላዩ ካልከፈተ መጠባበቂያውን በራሱ የሚከፍተው መሣሪያ) የባትሪም የራሱም ዕድሜ አለው። የተሠራበትን ቀን አንብቢና ከአምራቹ መመሪያ ጋር አስተያዪው። ሳይፕረስ የተባለው መክፈቻ ለባለፈቃድ በተዘጋጀው ዓይነት በ225 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ሲሆን ይተኩሳል። ይህ የመጨረሻ መረብ ስለሆነ በእሱ ተማምነሽ አትዘግዪ። ማብራቱንም አትርሺ፤ መሬት ላይ፣ እዚያው ዝላይ ሜዳው ላይ ነው የሚበራው።

የመዝጊያው ሉፕ (ቦርሳውን ዘግቶ የሚይዘው የክር ቀለበት) ከ10 በመቶ በላይ ከተበላ ወዲያው ይቀየራል። ዋጋው ከቁጥር የማይገባ ክር ነው፤ ቢበጠስ ግን ፓራሹቱ አውሮፕላኑ በር ላይ ሊከፈት ይችላል። የመቁረጫ ኬብሎቹ ይወጡና ይጸዳሉ፤ ሲከርሙ የሚጣበቅ ቆሻሻ ይይዙና ለመሳብ ይከብዳሉ። ባለሦስት ቀለበቶቹ (ዋናውን ፓራሹት ከማሰሪያው ጋር የሚያያይዙት) ተለያይተው ጨርቃቸው በእጅ እየታጠፈ ይፍታታ። የገመድ ማሰሪያ ላስቲኮቹን በሙሉ ለውጪ፤ አንዳንዱ ደህና ቢመስልም ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። የፓይለት ሹቱ ኪስ ከላላ ይሰፋ ወይም ይቀየር። ራሱን የሚሰበስብ ፓይለት ሹት ከሆነ ደግሞ ስታጥፊ መወጠሩን በመስኮቷ ቀለም አረጋግጪ፤ ሳይወጠር የታጠፈ ፓይለት ሹት አየር አይዝም፣ ዝም ብሎ ከኋላሽ ይጎተታል።

ክብደቱን በቁጥር እንየው። 85 ኪሎ አንቺ፣ 11 ኪሎ ያህል ዕቃ፤ 96 ኪሎ፣ በፓውንድ 211 ገደማ። ለ190 ስታካፍዪው በስኩዌር ጫማ 1.11 ፓውንድ ይመጣል። በፊት 76 ኪሎ ሳለሽ 1.01 ነበር። ያ ልዩነት በወረቀት ትንሽ ነው፤ መሬት ስትደርሺ ግን ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፍሌሩም ስሕተትን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ለመጀመሪያዎቹ 5 ወይም 6 ዝላዮች 230 ተከራዪ፤ 0.92 ላይ ያስቀምጥሻል። ማሰሪያውም በአዲሱ ሰውነትሽ ይለካ፤ ሲጠብ ወይም ሲዞር እጀታው ከለመደው ቦታ ይሸሻል፣ ያኔ እጅሽ ባዶ ይነካል።

መልስ 3፦ የንፋስ ዋሻ አስተማሪ

ዋሻው ይጠቅማል፤ ግን የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ ይታወቅ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የአካል ሚዛንን ይመልሳል፤ የተጨነቀ ሰው እግሩን ይገትራል፣ ትከሻውን ይሰበስባል፣ ያኔ መንቀጥቀጥና ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ዋሻው ውስጥ ይህን በመስታወቱ አሻግሮ የሚያይሽ ሰው በምልክት ያርምሻል። ወደ ፓይለት ሹቱ እጅ ማድረስንም አስመስለሽ ሚዛንሽ መጠበቁን ማየት ትችያለሽ።

የማይሰጠው ነገር ከፍታ ነው። ዋሻ ውስጥ መሬት አይቀርብም፤ አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያ) የማየት ልማድ አይገነባም፤ እንዲያውም ያስረሳል። ስለዚህ ዜሮ ላይ ቢቆምም አልቲሜትርሽን አስረሽ ግቢ፤ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ አንጓሽን እዪ። ሙሉ ፍጥነት ላይ 1,000 ጫማ የሚያልቀው በ5.5 ሰከንድ ገደማ መሆኑ ከጭንቅላትሽ አይውጣ። ከ5,000 እስከ 2,500 ያለሽ ጊዜ 14 ሰከንድ ብቻ ነው።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ዕቃውን ለሪገር እሰጣለሁ፤ ለጊዜው 230 እከራያለሁ። አንድ ወዳጄ "የመጀመሪያውን ከ5,000 ጫማ ወጥተሽ ወዲያው ክፈቺ፣ ነፃ ውድቀቱን ተገላገዪ" አለኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ አሰልጣኝ

ለመጀመሪያው አይሆንም። ከአውሮፕላን ስትወጪ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የምትደገፊበት የአየር ፍሰት ገና ደካማ ነው፤ አወጣጥሽ ከተዛባ ለማስተካከል ከፍታውም ጊዜውም የለሽም። እንግዲህ ከ10,000 እስከ 13,000 ጫማ፣ ከአሰልጣኝ ጋር፣ ሌላ ሰው ሳይጨመር ውጪ። ሥራውም ትንሽ ይሁን፦ ከወጣሽ በኋላ አድማሱን፣ አልቲሜትሩን፣ አሰልጣኙን እዪ፤ ፓይለት ሹቱን ሁለቴ አስመስለሽ ንኪ፤ አንድ 360 ዲግሪ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ዙሪ፤ በ5,500 ልትከፍቺ መሆኑን ለማሳወቅ እጅሽን አወናጭፊ፣ በ5,000 ክፈቺ። በደንቡ የኤ ፈቃድ ዝቅተኛው 3,000 ነው፤ አንቺ ግን ትርፉን ጊዜ ለፓራሹቱ ተጠቀሚበት። ወዳጅሽ ያለው ዝላይ ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው በጣም ጥሩ ነው።

መልስ 4፦ የፓራሹት አበራር አሰልጣኝ

እኔ ትኩረቱን ወደ ታች ልጎትተው፤ የተከፈተ ጤነኛ ፓራሹት ይዘው የሚጎዱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እንደተከፈተ ሦስት ነገር፦ አለ? ቅርፁ ሙሉ ነው? ይታዘዛል? የመጨረሻውን ለማወቅ ከ2,500 በላይ ሆነሽ ሁለቱን መሪዎች ፍቺና አንድ ሙሉ ፍሌር አድርጊ፣ ግራና ቀኝ ዙሪ። ከዚያ 3 ወይም 4 ፍሌር እዚያው ከፍ ብለሽ ተለማመጂ፤ 230ውን ስለማታውቂው የሚነሳበትን ነጥብ በክንድሽ ማወቅ አለብሽ። ለማረፊያ የተለመደው በ1,000 ጫማ ከነፋስ ጋር፣ በ600 ወደ ጎን፣ በ300 ወደ ነፋሱ መዞር ነው።

ፍሌሩ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ይጀምራል፤ የቁም ሰው ሁለት እጥፍ እንደማለት ነው። ዓይንሽን ከእግርሽ ሥር ያለው ሣር ላይ ከተከልሽ መሬቱ የሚሮጥብሽ ይመስልሻልና ቀድመሽ ትስቢያለሽ። አሻግረሽ፣ ወደ አድማሱ ገደማ እዪ። ቀድመሽ ከሳብሽ መሪዎቹን ወደ ላይ አትልቀቂ፣ ፓራሹቱ ወደ ፊት ይደፋሻል፤ ባሉበት ያዢና ሲቃረብ የቀረውን ጨርሺ። እግርና ጉልበትሽ ተጣብቀው፣ ክርንሽ ተሰብስቦ፣ ለመንከባለል ዝግጁ ሁኚ። ቆሞ ማረፍ ግዴታ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሜ እላለሁ፦ ዝቅ ብለሽ አትዙሪ። ነፋሱን ከኋላሽ አድርገሽ ቀጥ ብለሽ ማረፍ፣ ፊት ለፊት ለማግኘት በ100 ጫማ ከመዞር እጅግ ይሻላል። እንቅፋት ለመሸሽ የግድ ከሆነ ሁለቱንም መሪ እስከ ግማሽ ሳቢና ከዚያ አንዱን ጥቂት ብቻ ጨምሪ፤ ያ ሳይደፋሽ ያዞርሻል።

ጠያቂዋ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በዕለቱ አውሮፕላን ውስጥ ፍርሃቱ ቢብስብኝስ? ማረጋጊያ ኪኒን መውሰድ ይቻላል?

መልስ 1፦ አሰልጣኝ

ኪኒን በፍጹም፤ የሚያደነዝዝ የጉንፋን መድኃኒትም ጭምር። አፍንጫሽ ከታፈነ ደግሞ ጨርሰሽ አትዝለዪ፣ ስትወርጂ ጆሮሽ ሊጎዳ ይችላል። በውኃ ውስጥ በታንክ የጠለቀ ሰውም 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ቁርስ ብዪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ቡናውን ቀንሺ።

አውሮፕላኑ ሲወጣ ለ4 ሰከንድ አየር ሳቢ፣ በ6 ወይም በ8 ሰከንድ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ በአእምሮሽ እጀታዎቹን ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀሽ ንኪ፤ በ1,000፣ በ5,000ና በ9,000 ጫማ ላይ አልቲሜትርሽን ከአሰልጣኙ ጋር አስተያዪ። በሩ ሲከፈት ወደ ውጭ ስትወጪ አየሩን አስወጪ፣ ሰውነትሽ አብሮ ይላላል።

እንቢ ማለትም ትችያለሽ። መለየት ያለብሽ ይህን ነው፦ እጅሽ ቢቀዘቅዝም የእርምጃውን ቅደም ተከተል ተጠይቀሽ ከመለስሽ ደህና ነሽ፤ አሰልጣኙ ሲጠይቅሽ ጨርሶ ከጠፋብሽ ግን ተቀመጪ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ንገሪው፤ እሱ ለአብራሪው ይነግራል። ይህ የሚያስፈልገው የኪራዩ ዕቃ የተማሪ ዓይነት ራስ ሰር መክፈቻ ሊኖረው ስለሚችል ነው፤ እሱ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይተኩሳል፤ አውሮፕላኑ በፍጥነት ቢወርድ ውስጥ እያለሽ መጠባበቂያውን ሊከፍተው ይችላል። አብራሪው ካወቀ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንቺ ቀበቶሽን እሰሪ፣ ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪ፣ እጀታዎችሽን በክንድሽ ጋርደሽ ተቀመጪ።