ኤንጂንኤክስ ሪሎድ ባደረግኩ ቁጥር ራሙ ለምን ይሞላል?

ዘበኛው፦
ሰላም ቤተሰብ። 2 ጊጋ ራም ያላት አንዲት ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) አለችኝ። ከፊት ጥያቄ የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ አፑን የሚያሠራው ኖድ። የዕቃ ማድረሻ አፕ ነው፤ ሞተረኞቹ ያሉበትን ቦታ በዌብሶኬት (ክፍት ሆኖ በሚቆይ ኮኔክሽን) ይልካሉ። የምናግዳቸው አይፒዎች ፋይል በየ10 ደቂቃው ይታደሳል፤ ስክሪፕቱም ወዲያው ኤንጂንኤክስን ሪሎድ ያደርጋል (ሳይጠፋ ኮንፊጉን፣ ማለትም የቅንብር ፋይሉን፣ እንደገና ያስነብበዋል)። ጠዋት ራሙ ደህና ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጢም ይልና ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ኖዱን ይገድለዋል። ሪስታርት ሳደርግ ይለቀቃል፤ ግን ሞተረኞቹ ሁሉ ባንዴ ተቋርጠው ስልኬን ያነዱታል። ሚሞሪ ሊክ (ፕሮግራም የያዘውን ራም ሳይለቅ ሲቀር) ነው እንዳልል፣ ሪሎዱን ካቆምኩት ራሙ ንቅንቅ አይልም። ምን ይሻለኛል?

ወደብ 80፦
ሊክ አይደለም። እስቲ ፒኤስ (ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ብለህ ዎርከሮቹን፣ ማለትም ኮኔክሽን የሚያስተናግዱትን የኤንጂንኤክስ ፕሮሰሶች፣ እያቸው። ስማቸው አጠገብ «ኢዝ ሸቲንግ ዳውን» (እየተዘጋ ነው) የሚል ከበዛ ጉዱ እሱ ነው።

ሪሎድ ስትል ማስተሩ (ዎርከሮቹን የሚመራው ፕሮሰስ) አዲሱን ኮንፊግ አንብቦ አዳዲስ ዎርከር ያስነሳል። አሮጌዎቹ አዲስ ኮኔክሽን አይቀበሉም፤ የያዙትን ጨርሰው ይወጣሉ። ተራ ኤችቲቲፒ ቶሎ ያልቃል። ዌብሶኬት ግን መች ያልቅና! ድግሱ አልቆ አንድ እንግዳ አልነሳም ካለ አስተናጋጁም ቤቱ አይገባም። አንተ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ሌላ አስተናጋጅ ትቀጥራለህ።

«ዎርከር ሸትዳውን ታይምአውት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከ1.11.11 ጀምሮ። ከኤችቲቲፒ ብሎክ ውጪ፣ ፋይሉ አናት ላይ 5 ደቂቃ ብለህ ስጠው። ሰዓቱ ሲሞላ የቀረውን ይዘጋዋል። አፑ ራሱ መልሶ የሚገናኝ መሆኑን ግን አረጋግጥ።

ዘበኛው፦
ኧረ ጉድ፣ ስክሪኑ ሙሉ «ሸቲንግ ዳውን» ነው! ታይምአውቱን ጨምሬ ሪሎድ አደረግኩ። የድሮዎቹ ግን አሁንም አሉ?

ወደብ 80፦
ይኖራሉ። እነሱ የያዙት የድሮውን ኮንፊግ ነው፤ አዲሱን ትእዛዝ አያውቁትም። ማታ ሞተረኛ ሲቀንስ በፒአይዲያቸው (በፕሮሰስ ቁጥራቸው) «ኪል ተርም» ብለህ ዝጋቸው። ማስተሩን እንዳትነካ ብቻ።

እማማ ሊኑክስ፦
እኔ የምለው፣ አይፒ ለማገድ ኤንጂንኤክስን በየ10 ደቂቃው መቀስቀስ ምን አመጣው? ከፊትህ ሲዲኤን (ትራፊኩን ቀድሞ ተቀብሎ የሚያስተላልፍልህ የሰርቨሮች መረብ) ከሌለ ዝርዝሩን አይፒሴት (የከርነሉ የአይፒ ዝርዝር) ውስጥ ክተተው። ከርነሉ እዚያው ያግድልሃል፤ ሪሎድ የሚባል ነገር የለም። ሲዲኤን ካለህ ደግሞ ከርነሉ የሚያየው የሲዲኤኑን አይፒ ስለሆነ ይህ አይሠራም፤ ስክሪፕቱ ፋይሉን ከድሮው ጋር ያወዳድር፤ ካልተለወጠ ዝም ይበል።

ዘበኛው፦
ሲዲኤን የለኝም፤ አይፒሴቱን ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። የሊሚት ሪክ (የጥያቄ ብዛት መገደቢያው) ቆጠራዬስ? በሪሎድ ይጠፋል?

ወደብ 80፦
አይጠፋም። ቆጠራው የሚቀመጥበትን ዞን ስምና መጠን እስካልቀየርክ ሼርድ ሚሞሪው (ዎርከሮቹ የሚጋሩት ራም) እንዳለ ይተላለፋል። የሚቆጥርበትን ቁልፍ (ለምሳሌ የደንበኛውን አይፒ) ከቀየርክ ግን ሪሎዱ እምቢ ይላል፤ ሰርቨሩ በድሮው ኮንፊግ ይቀጥላል። ኤረር ሎጉን ሳታይ «ሠራ» እንዳትል።