የተራራ ጉዞንና ቀዘፋን ከምግብ ቤት ጋር ማቀናጀት

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ጤና ይስጥልኝ። ሐይቅና ተራራ ጎን ለጎን ወደሚገኙበት አካባቢ ከወዳጆቼ ጋር ለጥቂት ቀናት ለመሄድ አስበናል። አንዱን ቀን ተራራ ለመውጣት፣ ሌላውን በታንኳ ለመቅዘፍ አቅደናል፤ በየመንደሩ የሚገኙትን ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ሳንቀምስ ማለፍ አንፈልግም። ያስቸገረን ሁለቱን ማስማማቱ ነው። ምሳውን በጉዞው መካከል ብናደርገው የቀረው መንገድ እንዳይከብደን እንሰጋለን፤ ወደ መጨረሻው ብናቆየው ደግሞ ምድጃው ጠፍቶ እንዳይጠብቀን እንፈራለን። ከመካከላችን በዕድሜ ገፋ ያሉም አሉ። ልምድ ያላችሁ ብታማክሩን ደስ ይለናል።

መልስ፦ ዳገት ወዳድ

እኔ የምመክርዎ ከምግብ ቤቱ ሳይሆን ከአየሩ እንዲነሡ ነው። ፀሐይ የተራራውን ገጽ ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ እርጥበት ካለውም ከቀትር በኋላ ደመና ቋጥሮ ነጎድጓድ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ከሸንተረሩ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ከሆነ ዋናው ማዕድ ከተራራው ግርጌ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ይሆናል ማለት ነው።

የመድረሻ ሰዓትን ለመገመት ዊልያም ናይስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ያገለግላል። በሜትር ሲሰላ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ፣ እንግዲህ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የተሠራው ለብርቱ እግረኛ ሲሆን ዕረፍትንም አይጨምርም፤ በዕድሜ የገፉ ካሉ የዚህን ግማሽ ልጨምርበት እላለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ ከረፋዱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ትወርዳላችሁ፤ ምሳውን ለ7 ሰዓት ብታስይዙ ልብሳችሁን ለመቀየርም ጊዜ ይተርፋችኋል።

መልስ፦ ቀዛፊው

ተራራውን በተመለከተ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የሐይቁ ነገር ግን በጥቂቱ ይለያል። ቀን ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ይነሣል፣ በምትኩም ከሐይቁ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ነፋስ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዶ ያለውን ዝነኛ ምግብ ቤት መርጦ፣ በጸጥተኛው ጠዋት ቀዝፎ ተሻግሮ፣ ረጅም ምሳ በልቶ ለመመለስ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ከዳርቻው ሲለቅ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ሆዱም ሞልቷል፤ ማዕበሉም የቀኑ ከፍተኛው ላይ ነው። በእኔ አስተያየት በቀዘፋ ቀን ጥሩው ምግብ ቤት ታንኳው ለመጨረሻ ጊዜ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ያለው ነው፤ ምግቡ ከማዶው በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ።

መጠጥም ከዚያ በኋላ ይሁን። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ ሰውነቱ ግን ሙቀት እያጣ ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ድንገት መውደቅ ደግሞ በራሱ ትንፋሽን ያዛባል።

መልስ፦ ከምድጃው ወገን

ሙያዬ ምግብ ማብሰል ነውና ነገሩን ከወጥ ቤቱ በኩል ልናገር። ምግብ ቤት ስትደውሉ የሚዘጋበትን ሰዓት ሳይሆን የመጨረሻው ትዕዛዝ የሚወሰድበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እንግዳ ያስቆጣል። ከፍታ ላይ ያለ ምግብ ቤት ከሆነ ከዋዜማው ማዘዝ ይበጃል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬም ሆነ ጠንካራ ሥጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አስተናጋጁ ቢቸኩልም ድስቱ አይቸኩልም። ስንት ሰው እንደምትሆኑና ልትዘገዩ እንደምትችሉ አስቀድሞ መናገርም ለትንሽ ወጥ ቤት ትልቅ እገዛ ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ ዓሣው በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቃችሁ ምሳውን በዚያ ብትወስኑ ይሻላል።

ማዕዱን ወደ መጨረሻው ማቆየት ማለት ግን እስከዚያ መጾም አይደለም። ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጉዞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ኃይል ሰጪው ንጥረ ነገር) የሚገኝበትን ምግብ፣ ለምሳሌ ዳቦ ወይም የደረቀ ፍራፍሬ፣ ጥቂት በጥቂት መቅመስ ይመከራል። ተርቦ የገባ እንግዳ የማይጨርሰውን እንደሚያዝ በየቀኑ አያለሁ።

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ በመውጫው አጋማሽ ላይ ምግብ የሚሸጥበት ማረፊያ ቤት እንዳለ ሰምተናል፤ እዚያስ ምን ብናዝዝ ይሻላል?

መልስ፦ ከምድጃው ወገን

ሾርባና ትኩስ ሻይ በቂ ነው፤ ጨውንም ውኃንም ይተካሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ ስለማይወርድ ዳገቱን ያከብድባችኋል፤ ጠግቦ ለመውጣት የግድ የሚፈልግ ካለ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ማረፍ ይኖርበታል። ያን ያህል ከቆያችሁ ደግሞ ዳገት ወዳድ የነገሩን የቀትር ደመና ይደርስባችኋልና፣ እንዲህ ያለው ሰው ማረፊያው ቤት ቀርቶ ቢጠብቃችሁ ይሻላል።