የጋራ ፕሮፖዛላችን ሁለተኛ ረቂቅ፦ ሌሊት ለሚሰጉ ቀበሌዎች ምን እናድርግ?

ጸሐፊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የተነጋገርነውን ይዤ ረቂቁን እንደገና ከፍቼዋለሁ። ቅዳሜ ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ሦስት ማኅበራት ነን፤ የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሕግ ባለሙያዎች። የታጠቁ ሰዎች እየተመላለሱ የሚያስፈራሯቸው ሁለት የገጠር ቀበሌዎች አግዙን ብለውናል። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። ከእኛ የአንዱ ስልክ ቢወሰድ ጣጣው ለእነሱ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ከበጀቱ ግማሽ በላይ የሄደው ለስልጠና ነበር። እዚሁ ሐዋሳ አዳራሽ፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል፣ ባነር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤት ገብቼ ሳነበው ግን አልዋጥልኝ አለ። ሰውየው ሰልጥኖ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ የዚያን ዕለት ሌሊት ምን ተለውጦለት ያድራል? እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጣል አድርጉ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። እኔ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት፤ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብዬ ልጀምር።

ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ኡራባ በሚባል አካባቢ፣ ሳን ሆሴ ዴ አፓርታዶ የምትባል የገበሬዎች መንደር አለች። እኛ ቡና እንደምናለቅም እነሱ ካካዎ ይለቅማሉ። ጦሩ፣ ሽምቅ ተዋጊውና ፓራሚሊተሪው (ሽምቅ ተዋጊን እንወጋለን የሚል የግል ታጣቂ) በየተራ እየመጡ «የማን ወገን ነህ?» ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1997 ተሰብስበው የማንም አይደለንም፣ የሰላም ማኅበረሰብ ነን ብለው አወጁ። ደንባቸውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው መግቢያቸው ላይ አቆሙት። መሣሪያ አንይዝም። ለየትኛውም ታጣቂ መረጃ አንሰጥም። በጦርነቱ በቀጥታም በተዘዋዋሪም አንገባም። የጋራ ሥራ ላይ እንወጣለን።

ዋጋው ከባድ ነበር። ባለፉት ዓመታት ከ200 በላይ ሰዎቻቸው ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2005 ወታደርና ፓራሚሊተሪ አብረው ገብተው 8 ሰው ገደሉ፤ ሕፃናትም አሉበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው። መንግሥት «እንጠብቃችኋለን» አለና መንደሩ ውስጥ የፖሊስ ጣቢያ አቆመ። ሰዎቹ ግን መሣሪያ ያለበት ቦታ ዒላማ ይሆናል፣ መሃላችን አታስገቡብን እያሉ ነበር። ማን ሰማቸው? ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ትንሽ ራቅ ብለው ሳን ሆሴሲቶ የሚባል አዲስ መንደር ቆረቆሩ። ሳይጠየቁ የተሰጣቸው ጥበቃ ከቤታቸው አስወጣቸው።

የሲዳማ ሽማግሌ ነገር ሲያነሳ መጀመሪያ «አፊኒ?» ይላል፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። እስኪ ረቂቃችን ውስጥ ይህ ጥያቄ የት ጋ አለ?

ከወጣት አባላት አንዱ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምለው። እኔ ከአንደኛው ቀበሌ ነኝ፤ እናቴ እዚያ ናት። ሌሊት መጥቶ በር የሚሰብር ሰው ሰሌዳ አያነብም። የእኛ ጎረምሶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «መሣሪያ ስጡንና ራሳችንን እንጠብቅ።» ይህን ካልጻፍን የእነሱን ድምፅ ጻፍን ማለት አንችልም።

የሕግ ባለሙያው፦

ወንድሜ፣ ስለ እናትህ የምትሰጋውን ስጋት ማንም አይንቀውም። ጥያቄውም እንደተባለው ይጻፍ። እኛ ግን የመሣሪያውን መንገድ አንጠርግም።

ጋሼ ያነሷት አገር ይህንንም ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1994 «ኮንቪቪር» የሚባሉ የገጠር ጥበቃ ማኅበራት በሕግ ተፈቀዱ። ሐሳቡ አንተ እንዳልከው ነበር፤ ገበሬው ራሱን ይጠብቅ፣ ለጦሩም መረጃ ይስጥ። ብዙዎቹ ግን የፓራሚሊተሪዎች መሸፈኛ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ለጦር ሠራዊት ብቻ የሚፈቀድ መሣሪያ እንዳይዙ ከለከላቸው። በዚያው ዓመት ፓራሚሊተሪዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ግንባር ፈጠሩ። ዛሬ ለጥበቃ ያስታጠቅከው ሰው ነገ የማን እንደሚሆን አታውቅም።

«ያልታጠቀ ሰው ምን ያመጣል?» ለሚል ደግሞ ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ቦር ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ የተጠለሉ ሲቪሎች ተጠቁ። «ኖንቫዮለንት ፒስፎርስ» የሚባለው፣ ያለ መሣሪያ ሲቪሎችን የሚጠብቅ ድርጅት ሁለት ሠራተኞች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር አንዲት የጭቃ ጎጆ ውስጥ ነበሩ። ታጣቂዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቴም «እናንተ ውጡ» አሏቸው። ሦስቴም መታወቂያቸውን እያሳዩ አንወጣም አሉ። ጎጆው ውስጥ የነበሩት 14 ሴቶችና ሕፃናት ተረፉ።

ሁልጊዜ ይሠራል አልልህም። የሚሠራው ታጣቂው መታየትን ሲፈራ ነው፤ ስሜ ይነሳል፣ አለቃዬ ይጠየቃል ብሎ ሲያስብ። ምንም የማይፈራ ከሆነ የሚያዋጣው ቀድሞ መሸሽ ነው። ረቂቁ ሁለቱንም መያዝ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቁ ውስጥ «የተጎጂዎች መዝገብ» የሚለው ይውጣ። ስምና የቤት አድራሻ የተጻፈበት ደብተር ታጣቂ እጅ ከገባ የሞት ዝርዝር ነው። ደግሞም የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አገራችን በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሰው እንዳይፈናቀል መከላከል በመጀመሪያ የመንግሥት ግዴታ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። እኛ ያንን አንተካም።

ነርሷ፦

ይቅርታ ዘገየሁ፤ ተረኛ ነበርኩ።

በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል መጠለያ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አንዲት እናት ከረጢት ታቅፋ መጣች። ልጇን ልመዝን ስል እንኳ አላስቀመጠችውም። በኋላ ስታሳየኝ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ያልተፈጨ በቆሎ ነው። ከወፍጮ ቤት ነው የሮጠችው። ወፍጮው ሳይጨርስላት።

«ድንገት ነው የመጡባችሁ?» አልኳት። «ኧረ እኛ ሴቶቹ ቀድመን አውቀናል» አለችኝ። ገበያው ሳስቶ ነበር። ከወዲያ በኩል የሚመጡት ጨው ሻጮች ሁለት ገበያ ቀሩ። የማይታወቅ ሞተር ሳይክል ወፍጮ ቤቱ አጠገብ እየቆመ ይሄዳል። ለባሏ ነገረችው፤ ለቀበሌም ደርሷል። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ማስጠንቀቂያው እኮ ነበረ፤ የሚቀበለው ነው የጠፋው። ከእኛ ቀድመው የሚያውቁ ሴቶችን ሐዋሳ አምጥተን «የቅድመ ማስጠንቀቂያ ስልጠና» ብንሰጣቸው እኔ አፍራለሁ። ገንዘቡ የሰሙትን ለሚያደርስ ነገር ይዋል።

የሒሳብ ሹሟ፦

እኔ የምሰጋው ሌላ ነው። ረጂዎች ስልጠና የሚወዱት የሚቆጠር ስለሆነ ነው፤ ሰው ይፈርማል፣ ፎቶ ይነሳል። «ሰዎች ተነጋገሩ» ለሚል ምን ደረሰኝ አቀርባለሁ? የሚቆጠር ነገር ስጡኝና እከራከርላችኋለሁ።

ወጣቱ፦

የሚቆጠርማ ሞልቷል። የእኛ ቀበሌ ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። መብራት ስለሌለ ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን፣ በክፍያ ነው። ሌሊት ላይ ባትሪ ያለው ስልክ በየመንደሩ ስንት አለ? እሱን ቁጠሩ። የጉብታው ሰው ደውሎ ከወረዳው መልስ እስኪያገኝ ስንት ደቂቃ ፈጀ? እሱንም ቁጠሩ። እናቴ መሮጥ አትችልም። እሷን የሚሸከም ማን እንደሆነ ቀድሞ ከታወቀ ያም አንድ ተብሎ ይቆጠር።

መሣሪያውን በተመለከተ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። የኮንቪቪርን ነገር ግን ለጎረምሶቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ጸሐፊዋ፦

ተባረኩ። ዋናውን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እዩት፦

«የመጀመሪያው ወር ለማዳመጥ ነው። ሴቶችን ለብቻ፣ ሽማግሌዎችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ በራሳቸው ቋንቋ እንጠይቃለን። የሚሰጉባቸውን ምልክቶችና የሚፈልጉትን ጥበቃ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ አይሆንም ያሉትን አንሠራም። ከዚያ በየመንደሩ በፀሐይ የሚሞሉ ስልኮች ይቀመጣሉ። ኔትወርክ በሌለበት መልእክት በጥሩንባ ወይም በእግረኛ ይሄዳል። አቅመ ደካማን ማን እንደሚሸከምና የት እንደሚገናኙ ይወሰናል። ነዋሪዎቹ ከፈለጉ በገበያ ቀን ሁለት አባሎቻችን አብረዋቸው ይጓዛሉ፤ ለዞኑና ለወረዳው አስቀድሞ በደብዳቤ ይነገራል። የሰው ስም በጽሑፍ አይያዝም።»

ስልጠናው ወደ ሁለት ቀን ወርዷል። እሱም እዚያው ቀበሌ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የደረሰኙን ነገር ከእህቴ ከሒሳብ ሹሟ ጋር ነገ ቁጭ ብለን እንጨርሳለን።

የነዋሪዎቹ ደንብ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እኛ ልንሞላው አንችልም። ስለዚህ ከማስገባታችን በፊት ሄደን እንጠይቅ። ሰኞ 12 ሰዓት ጠዋት መናኸሪያ። ማን ይመጣል?

ጡረተኛው መምህር፦

እኔ አለሁ። ጉልበቴ አይታያችሁ።

ወጣቱ፦

እኔ እመራችኋለሁ። ግን ሰኞ ሴቶቹን ቤት አታገኟቸውም። ወፍጮ ቤት ነው የሚውሉት፤ ወረፋው ረጅም ነው።

ነርሷ፦

ታዲያ ወፍጮ ቤት እንሂዳ። ወረፋው እስኪደርሳቸው አብረን እንቀመጣለን። እኔም ተረኛነቴን አስቀይሬያለሁ።