ቪትዝ ስትሞቅ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፤ ቢጫውም አልጠፋ አለ

ነጭ ቪትዝ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ የ2006 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ፣ 1.0 ሊትር ሞተር ናት። በደንብ ከሞቀች በኋላ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ስቆም ቀዩ የዘይት ምልክት ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። ቢጫው የቼክ ኢንጂን መብራት ደግሞ ከበራ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አንድ ጋራዥ የባትሪ ገመድ ነቅሎ አጥፍቶልኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። የሙቀት መለኪያ ቀስትም የላትም፤ ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ መብራት ታሳያለች። ቅዳሜ ሐዋሳ መሄድ አለብኝ። እንዲህ እንዳለች ትሄዳለች?

የሞተር ሰው
አትሂድባት ወንድሜ። ሰፈር ውስጥም ቢሆን ቀዩ ሳይጣራ አታንቀሳቅሳት።

ቀዩ የሚያሳየው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። በብዙ ቶዮታዎች ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ይበራል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ ሲዞር) ደግሞ የዘይት ፖምፓው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ግፊቱ ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ነው። ነዳጅ ስትሰጥ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ብሮንዚናዎቹ (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ የሚዞርባቸው ሽፋኖች) ዘይት ባልደረሳቸው ቁጥር እየተበሉ ነው።

አሁኑኑ ይህን አድርግ። ደልዳላ ቦታ አቁመህ ሞተሩን አጥፋ፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሰህ ክተት፣ እንደገና አውጣና አንብብ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ግማሽ ሊትር ጨምር፣ ጠብቅ፣ ለካ፤ አሁንም ካነሰ እንዲሁ ድገም። ያ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3 ሊትር ገደማ ስለሆነ የ4 ሊትሩን ጋሎን ገልብጠህ እንዳትጨርሰው። ዘይት ሲበዛ ክራንክሻፍቱ እየመታው አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።

መጠኑ ልክ ሆኖ መብራቱ ከቀጠለ የግፊት ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ይታሰርና ይለካ። ጌጁ ደህና ግፊት ካሳየ ሴንሰሩ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው። ጌጁም ዝቅ ካለ የዘይት መምጠጫው ወንፊት በጭቃ ተደፍኗል፣ ፖምፓው ደክሟል ወይም ብሮንዚና ተበልቷል። ሳይለካ «ወፍራም ዘይት አድርግበት» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ እሺ አትበል፤ መብራቱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ በሽታው እዚያው ነው።

ኤሌክትሪሻኑ
ስለ ቢጫው ልጨምር። የባትሪ ገመድ መንቀል ጥገና አይደለም። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ኮድና ጥፋቱ ሲፈጠር ሞተሩ የነበረበትን ሁኔታ አብሮ ያጠፋዋል፤ ያ ደግሞ ለመካኒክ ትልቁ ፍንጭ ነበር። ብዙ ጥፋት የሚመዘገበው በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ሲደገም ስለሆነ ነው ከቀናት በኋላ የሚመለሰው።

ከመሪው ሥር ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት የኦቢዲ 2 ማንበቢያ (የጥፋት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተህ ኮዱን ጻፈው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከርካሹ የብሉቱዝ ማንበቢያ ጋር አንዳንዴ አይግባቡም፤ እምቢ ካለህ የቶዮታ ማሽን ያለው ጋራዥ ሂድ።

አንድ ነገር ግን ለይተህ እወቅ፤ ቢጫው ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብለህ ጋራዥ መድረስ ትችላለህ። ብልጭ ብልጭ ካለና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ግን ሲሊንደር እየሳተ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው መስመር ላይ ያለው ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ያቀልጠዋል። ያኔ ወዲያው ነዳጅ ቀንስና ቁም።

የራዲያተር ባለሙያ
ሰማያዊው ጤነኛ ነው፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቆም ካልጠፋ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ ለውሃው መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ቤንዚንም ይበላብሃል። ቀዩ የሙቀት መብራት ከበራ ኤሲውን አጥፋ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ጨርሰህ ክፈት፣ ዳር ይዘህ አቁምና ሞተሩን አጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትንካ።

ቀስት የሌላት መኪና አንድ አደጋ አላት። ሴንሰሩ ሙቀቱን የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃው ጨርሶ ከፈሰሰ በእንፋሎት መሃል ይቀርና ትክክለኛውን ሙቀት ላያነብ ይችላል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) እየነደደ መብራቱ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውን ልክ ማየት ግድ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ቀይር፤ አሮጌው ላይ 1.1 ከተጻፈ 1.1 ግዛ። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ፣ ውስጡን ያዝገዋል፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርግ።

ነጭ ቪትዝ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንጉ ጫፉ ላይ ብቻ ነው ዘይት የነካው። ሁለት ጊዜ ግማሽ ሊትር ጨምሬ ከመሃል በላይ ሆነ፤ ግማሽ ሰዓት ነድቻት ቀዩ አልበራም። ኮዱም ተነበበ፦ ፒ 0302። ዘይት ከተቀየረ 2500 ኪሎ ሜትር ሆኖታል፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ የለም።

ኤሌክትሪሻኑ
ሁለተኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የ2ኛውንና የ3ኛውን ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) አቀያይር፣ ኮዱን አጥፋና ንዳ። ፒ 0303 ሆኖ ከመጣ ቦቢናው ነው፣ አንዱን ብቻ ትገዛለህ። ፒ 0302 ሆኖ ከቀረ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) በተመሳሳይ መንገድ አቀያይር። እንዲያም ሆኖ ኮዱ ከ2ኛው ሲሊንደር ካልተዛወረ ኢንጀክተሩና (ቤንዚን የሚረጨው) የሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊቱ) ይታዩ።

የሞተር ሰው
የ2ኛውን ካንዴላ ስትፈታ ጫፉን እየው። ጥቁር፣ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ሁለቱ መብራቶች አንድ ምክንያት አላቸው፤ የጎደለው ዘይት እዚያ ሲሊንደር ውስጥ እየተቃጠለ ካንዴላውን ያበላሸዋል። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደውን ላስቲክ)፣ ዳገት ላይ ስትገፋት ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ጠርጥር። ሞተር ከመክፈት በፊት ግን ፒሲቪ ቫልቩን (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰውን) አውጥተህ ነቅንቀው፤ ካልተንኳኳ ተደፍኗል፣ ቀይረው።

ከዚያ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙላና በየ500 ኪሎ ሜትሩ ለክተህ ጻፍ። ቶዮታ በመመሪያ መጽሐፎቹ የሚፈቅደው የመጨረሻው ፍጆታ በ1000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ነው። ከዚያ ካለፈች ኮምፕሬሽን አስለካ። ለቅዳሜው ሌላ መኪና ፈልግ፤ ኮዱ ጠፍቶ፣ ፍጆታዋ በአንድ 500 ኪሎ ሜትር ታውቆ፣ አንድ ሊትር ትርፍ ዘይት ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ባጋጅ ውስጥ ይዘህ ነው ሐዋሳ የምትወርደው።

የሞያሌ መንገድ ሾፌር
መኪና ለምትገዙም ይጠቅማል፦ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አብሩ። የዘይት፣ የባትሪ፣ የቼክ ኢንጂን፣ የኤቢኤስና የኤርባግ ምልክቶች ሁሉም መብራት አለባቸው። አንዱ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ከቀኝ መሪ ወደ ግራ የተቀየረች መኪና ከሆነች ኤርባጉን ለይታችሁ እዩት፤ መብራቱ በርቶ ከቀረ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይፈነዳ ይችላል።