ዱባይ በቪዚት ቪዛ ልሂድ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ሴራሚክ አነጥፋለሁ፤ ጉራ አይሁንብኝና እጄ ጥሩ ነው። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አልቀመስ አለ። ሰው ፊኒሺንጉን ትቶ እንዲሁ እየገባ ነው። ስራ ቀዝቅዟል።

አንድ ደላላ "በቪዚት ቪዛ ዱባይ ግባ፣ ስራው እዚያው ይገኛል" እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ እስከማውቀው በቪዚት ቪዛ መስራት እዚያ ክልክል ነው፤ ከተያዝክ ቅጣትና መባረር አለው። በህጋዊ መንገድ ቢሆን፣ በ2008 የወጣው የውጭ አገር ስራ ስምሪት አዋጅ (ቁጥር 923) የቪዛና የትኬት ወጪን አሰሪው ላይ ነው የጣለው። ሰራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ለምኑ ነው ያን ሁሉ ብር የሚጠይቀኝ?

ችግሬ ሌላ ነው። የጠየቅኳቸው ኤጀንሲዎች ያላቸው የቤት ሰራተኛ ስራ ብቻ ነው፤ እሱም ለሴቶች። በግንባታ ሙያ በህጋዊ መንገድ የሄዳችሁ፣ በየት በኩል ነው የሄዳችሁት? የሴራሚክ ሲኦሲ የተፈተናችሁስ የት ነው? እዚያ ያላችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ አሁን አዲስ ለሚመጣ ሰው ስራ አለ? አክስቴ ወርቋን ልትሸጥልኝ ተነስታለች፤ ከዚያ በፊት መልስ ባገኝ ደስ ይለኛል።