የፊት ታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ ሲቀየር የድሮው ፖምፓ ይሠራል?

ጥያቄ፦ የ1960ዎቹ ስፖርት መኪና ነው። የፊቱን ታምቡር አውጥቼ ዲስክ ልገጥምለት ነው፤ የኋላው እንዳለ ይቆያል። ፖምፓውን (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) መቀየር የግድ ነው?

መልስ 1፦ አዎ፣ ቀይረው። የታምቡር ፖምፓ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ 10 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። የታምቡሩን ሸራ ስፕሪንግ ይመልሰዋል፤ የዲስኩን ፓድ ግን የሚመልስ ስፕሪንግ ስለሌለ በዚህ ግፊት ዲስኩን እየታከከ ያግለዋል። በኋላው መስመር ላይ ቫልቩ ይኑር። የካሊፐር (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ፒስተን ትልቅ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ፖምፓው ካነሰ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ከመጠን በላይ ከተለቀ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ከገዛህ አይቀር ባለ ሁለት መስመሩን (የፊቱና የኋላው ለየብቻ የሆነውን) ግዛ።

መልስ 2፦ ጎማ ቱቦዎቹንም አብረህ ጣላቸው። አሮጌ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አልመልስ ሲል ሰው ካሊፐሩን ይወቅሳል። የካሊፐሩ አየር ማስወጫ ብሎን ወደ ላይ መሆኑን እይ፤ ግራና ቀኙ ከተለዋወጡ ወደ ታች ይዞርና አየሩ አይወጣም። ዘይቱ ዶት 4 ይሁን፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አትቀላቅለው።

ጠያቂው፦ የኋላው ቀድሞ ቢቆልፍስ?

መልስ 1፦ በኋላው መስመር ላይ የሚስተካከል ግፊት መቀነሻ ቫልቭ አስገባ። ባዶ ሜዳ ላይ እየሞከርክ፣ የፊቱ ቀድሞ እስኪቆልፍ ድረስ ቀንስ።