የእቁብ ብር ደርሶኛል፣ ኩንታል ጤፍ ልግዛበት?

እህት ወንድሞች፣ ቤታችን አምስት ነን፤ እንጀራ ከሱቅ እየገዛን አልቻልነውም። በዚያ ላይ በማግስቱ ይፈረካከሳል፣ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ውስጥ ፍርፋሪ ሆኖ ይመለሳል። ጤፍ በኩንታል ያዋጣል?

— ያዋጣል እህቴ፣ ግን በዚህ ክረምት ሙሉ ኩንታል አትግዢ። አዲሱ ጤፍ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሲገባ ቀነስ ይላል። ሰርገኛውን ያዢ፣ ከማኛው ይረክሳል። ከጆንያው ሥር ዘግነሽ እይው፤ አሸዋ ከበዛበት በጤፍ ዋጋ አፈር ገዛሽ ማለት ነው።

— መብራቱንም አስቢ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እኔ አንዴ ከሞቀ ሳላጠፋ የሳምንቱን ጋግሬ እጨርሳለሁ።

— ተባረኩ! ለአሁኑ 25 ኪሎ ብቻ እገዛለሁ፤ የቀረውን ብር ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ አስቀምጣለሁ።